ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ምሳሌ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ያስቃል እንጂ አያስቆጣም። ቆራሹ ለራሱ አተልቆ ለሌላው አሳንሶ ቢቆርስ ጉዳቱ ከአንድ ማዕድ አያልፍም፤ በማግሥቱም ይረሳል። ዳቦው አገር፣ ቢላዋው ሕግ፣ ቆራሹም ሹም የሆነ እንደ ሆነ ግን ምሳሌው ሳቅ መሆኑ ይቀርና ከባድ የሕሊና ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ከድርሻው የሚጠቀም ሰው ራሱ አካፋይ ሊሆን ይገባዋልን? አካፋይነቱስ ከሹሙ እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ እጅ ቢገባ፣ ሕዝቡ ቢላዋውን በጨበጠ ጊዜ ያው ፈተና አያገኘውምን?

ይህን ጥያቄ በአሳብ ብቻ ከመመርመር በተግባር የታየበትን አገር መመልከት ይሻላል። አገሩም የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው፤ ጉዳዩም የምርጫ ክልሎችን ወሰን ማስመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይደረጋል። ቆጠራው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የምርጫ ክልሎቹን ወሰን እንደ ገና ያሰምራል። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ከተማ ዳር ይፈልሳልና፣ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ቁጥር የተመጣጠኑ እንዲሆኑ ፈርዷልና፣ ወሰኑ በየጊዜው መታደሱ ግድ ነው። ስለዚህ መስመር ማስመሩ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ ይኸውም በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች መስመሩን የሚያሰምሩት በዚያው መስመር ውስጥ ተወዳድረው ለመመረጥ የሚፈልጉት የምክር ቤት አባሎች በመሆናቸው ነው።

መስመር ብቻውን ምን ኀይል አለው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አንድ ምሳሌ እናቅርብ። 25 መራጮች ያሉባት አንዲት አገር ትኑር። ከእነርሱ 15ቱ የፀሐይ ወገን፣ 10ሩ የጨረቃ ወገን ናቸው እንበል። አገሪቱ እያንዳንዳቸው 5 መራጭ በያዙ 5 ክልሎች ትከፈልና እያንዳንዱ ክልል አንድ እንደራሴ ይምረጥ። በቅን ሚዛን ቢታይ የፀሐይ ወገን 3፣ የጨረቃ ወገን 2 እንደራሴ ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። መስመሩን የሚያሰምረው ግን የጨረቃ ወገን ነው እንበል። ይህ ሰው የራሱን ወገኖች ሦስት ሦስት አድርጎ በሦስት ክልሎች ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱ ቀሪ በአራተኛው ክልል ይገባል። ከፀሐይ ወገን ደግሞ ስድስቱን በእነዚያ በሦስቱ ክልሎች ሁለት ሁለት አድርጎ ይበትናቸዋል፤ የቀሩትን ዘጠኙን በአራተኛውና በአምስተኛው ክልል ይጠቀጥቃቸዋል። ምርጫው ሲደረግ ዐሥሩ 3 እንደራሴ፣ ዐሥራ አምስቱ 2 እንደራሴ አገኙ። የድምፅ ሣጥን አልተሰበረም፤ ቆጠራውም አልተዛባም። ነገር ግን ጥቂቶቹ በብዙዎቹ ላይ ገዥ ሆነዋል። መበተንና መጠቅጠቅ፣ ጥበቡ ሁሉ ይኸው ነው።

ይህ ጥበብ ስሙን ያገኘው ከአንድ የተከበረ ሰው ነው። ኤልብሪጅ ጌሪ በ1776 የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ ከፈረሙት አባቶች አንዱ ነበር። በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሳለ፣ የራሱ ፓርቲ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን የምርጫ ክልሎች ለራሱ እንዲመች አድርጎ የቈራረጠበትን ሕግ ፈረመ። በኤሴክስ አውራጃ የተሰመረው አንደኛው ክልል ተጠማዞ ተጠማዞ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት መሰለ። በቦስተን የሚታተም አንድ ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሥዕሉን አወጣው፤ የአገረ ገዥው ስምና የእንስሳው ስም ተጋብተውም ጌሪማንደር የሚል ቃል ተወለደ። በዚያ ዓመት በተደረገው ምርጫ 51,766 ድምፅ ያገኘው ወገን 11 መቀመጫ ሲደርሰው 50,164 ድምፅ ያገኘው የአገረ ገዥው ወገን 29 መቀመጫ ወሰደ።

ጌሪ ይህን አሠራር በልቡ አልወደደውም ይባላል። ቢሆንም ፈረመ። የዚህ ሰው ታሪክ እኛን ሊያስተምረን የሚገባው ክፉ ሰዎች ክፉ እንደሚሠሩ አይደለም፤ ይህንማ ሁሉም ያውቀዋል። የሚያስተምረን፣ ለነጻነት ነፍሱን ለአደጋ የሰጠ ሰው እንኳ ለራሱ ወገን የሚቆርሰው ቢላዋ በእጁ ሲገባ ማሳነስ እንዳቃተው ነው። ስለዚህ መፍትሔው የተሻለ ቆራሽ መፈለግ ብቻ ሳይሆን ቢላዋውን ከጥቅመኛው እጅ ማውጣት መሆን አለበት።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች መከላከያ የላቸውም ማለት አይደለም። ሦስት ነገር ይናገራሉ። አንደኛ፣ «ሥልጣኑን የሰጠን ሕዝብ ነው» ይላሉ። ሁለተኛ፣ «ከአድልዎ ፍጹም የጸዳ መስመር ከቶ አይገኝም» ይላሉ። ሦስተኛ፣ «እኛ ባናደርገው ተቃራኒዎቻችን ያደርጉታል» ይላሉ።

ለመጀመሪያው መልስ መስጠት አያስቸግርም። ሕዝብ የሰጠው ሥልጣን በጊዜ የተወሰነ አደራ ነው። አደራ ተቀባይ በእጁ ባለው አደራ ተጠቅሞ ባለቤቱ አደራውን እንዳያስመልስ የሚከለክል መቈለፊያ ቢሠራ፣ «የሰጠኸኝ አንተ ነህ» ማለቱ ያስወቅሰዋል እንጂ አያድነውም። በመራጭና በተመራጭ መካከል ያለው ሥርዓት መራጩ እንደራሴውን እንዲመርጥ ነበር፤ በዚህ አሠራር ግን እንደራሴው መራጮቹን ይመርጣል።

ሁለተኛው መከላከያ ጥቂት እውነት አለበት። ሰዎች በአገር ላይ እኩል ተዘርተው አይኖሩም፤ የአንድ ፓርቲ ደጋፊዎች በከተማ ተከማችተው ሲገኙ በቅን ልብ የተሰመረ መስመር እንኳ ሊጐዳቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ፍጹም የሆነ ሚዛን አለመገኘቱ ሚዛን ለማጉደል ፈቃድ አይሆንም። ነጋዴው የሚዛኑ ድንጋይ በዝገት ጥቂት እንዳነሰ ሳያውቅ ቢሸጥ ይታረማል፤ ዐውቆ ድንጋዩን ቢሞርደው ግን ሌባ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሳብ ነው፤ የሥነ ምግባር ፍርድም የሚጀምረው ከአሳብ ነው። ሦስተኛው መከላከያ ከሁሉ ይልቅ ብርቱ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚሰረቀው ምንድር ነው? ድምፅ አይደለም፤ የድምፅ ክብደት ነው። መራጩ ተሰልፎ ወረቀቱን በሣጥን ይከታል፤ ውጤቱ ግን ከብዙ ዓመት በፊት በመስመር ተወስኗል። ይህን የተረዳ ሰው «ብመርጥ ባልመርጥ ምን ይለወጣል» ብሎ ከቤቱ ይቀራል። እንደራሴውም በተራው መንበሩ የማይነቃነቅ መሆኑን ሲያውቅ የሚፈራው የክልሉን ሕዝብ ሳይሆን የፓርቲውን አለቆች ይሆናል። ከዚህም የሚከፋ አንድ ነገር አለ፤ ንቀት ነው። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በ2011 የተሰመረው ካርታ በፍርድ ቤት ክርክር ተነሥቶበት ሳለ፣ በዝግጅቱ ጊዜ የተጻጻፉት መልእክቶች በ2018 በይፋ ወጡ። ከነዚህም በአንዱ የተቃራኒው ፓርቲ ደጋፊዎች በአራት ክልሎች ብቻ ሊጠቀጠቁ የሚገባቸው ጥራጊ ተደርገው ተገልጸው ተገኙ። በዚያ ካርታ መሠረት በ2012 በተደረገው የኮንግሬስ ምርጫ ዴሞክራቶች በጠቅላላው የበለጠ ድምፅ አግኝተው ሳለ፣ ካርታውን ያዘጋጁት ሪፐብሊካኖች ከ14ቱ መቀመጫ 9ኙን ወስደዋል። ሰውን በመስመር መበተን የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ሰውነቱንም ይረሳዋል።

ወንጀሉ ግን የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በዚያው በ2011 በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ዴሞክራቶች ተመሳሳይ ሥራ በሪፐብሊካኖች ላይ ሠርተዋል። የሜሪላንድና ሪፐብሊካኖች ያዘጋጁት የሰሜን ካሮላይና ካርታ ባንድነት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርበው በ2019 ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፋፍለው ፈረዱ። ከመጠን ያለፈ የወገንተኝነት ካርታ ፍትሕ የጐደለው ሊመስል እንደሚችል አልካዱም፤ ነገር ግን ይህን ለመለካት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የላቸውም ሲሉ በሩን ዘጉ። ከምክር ቤትም ከዳኛም ያላገኙትን ለመፈለግ ዜጎች የቀራቸው መንገድ የራሳቸው እጅ ሆነ።

የዚህ መንገድ ሥርዓት እንዲህ ነው። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሕግ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ዜጎች በፊርማቸው አንድ የሕግ ወይም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሳብ አቅርበው፣ ምክር ቤቱ ቢወድም ባይወድም በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ የአሪዞና ሕዝብ በ2000 ወሰን የማስመሩን ሥራ ከምክር ቤቱ ወስዶ ለገለልተኛ ኮሚሲዮን ሰጠ። ምክር ቤቱ «ይህ የእኔ ሥልጣን ነው» ብሎ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2015 በ5 ለ4 ድምፅ ለሕዝቡ ፈረደ። ካሊፎርኒያም በ2008 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶች፣ በ2010 ለኮንግሬስ ክልሎች እንዲሁ አደረገች።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው የሚሺጋን ታሪክ ነው። በኅዳር 2016 ኬቲ ፌሂ የተባለች፣ አንዳች የመንግሥት ሹመት የሌላት ወጣት፣ ይህን ነገር ለማስቀረት የሚፈልግ ቢኖር ከእርሷ ጋር እንዲሠራ በፌስቡክ ጥቂት ቃላት ጻፈች። ከዚያ የተነሣው ማኅበር «ፖለቲከኞች ሳይሆኑ መራጮች» የሚል ስም ይዞ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ከ425,000 በላይ ፊርማ ሰበሰበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው መባሉ እንዲህ ላለው ሥራ ነው። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ4 ለ3 ድምፅ ጉዳዩ ለሕዝብ እንዲቀርብ ፈቀደ፤ በኅዳር 2018 ከመቶ 61 የሚሆነው መራጭ ደገፈው።

የተቋቋመው ኮሚሲዮን 13 አባሎች አሉት። አራቱ ከዴሞክራቶች፣ አራቱ ከሪፐብሊካኖች፣ አምስቱ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ናቸው። ካርታ የሚጸድቀው ከሦስቱም ክፍሎች ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው ሲስማማበት ነው። አባሎቹ የሚሾሙት በማንም ምርጫ ሳይሆን ከአመልካቾች መካከል በዕጣ ነው። በዕጣ መካፈል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችን የውርስ መሬት ሲከፈል ዕጣ የሚጣለው አካፋዩ ለሙን መሬት ለራሱ፣ ጭንጫውን ለወንድሙ እንዳያደርግ ነው። ዕጣ ብልህነትን አይሰጥም፤ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ለማንም ውለታ የለበትም።

እንግዲህ ሕዝቡ ቢላዋውን ተቀበለ፤ ነገሩም አበቃ ለማለት እንዳንቸኩል የሚያደርጉ ታሪኮች አሉ። የሚዙሪ ሕዝብ በ2018 ከመቶ 62 በሆነ ድምፅ ያጸደቀውን ማሻሻያ፣ ምክር ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አሳብ ለሕዝብ አቅርቦ በጠባብ ብልጫ አሻረው። በዩታ ሕዝቡ በ2018 ያወጣውን ሕግ ምክር ቤቱ በ2020 ለውጦ ኮሚሲዮኑን አማካሪ ብቻ አደረገው፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕዝቡ መንግሥቱን ለማሻሻል ያወጣውን ሕግ ምክር ቤቱ እንዲያው በፈቃዱ ሊሽረው አይችልም ያለው በ2024 ነው። በኦሃዮ በዚያው በ2024 ለሕዝብ የቀረበው አሳብ ጌሪማንደርን ለማስቀረት የታሰበ ሳለ፣ ባለሥልጣኖች ባጸደቁት የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ኮሚሲዮኑ ጌሪማንደር እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሆኖ ተገለጸ፤ አሳቡም ወደቀ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ቴክሳስንና ሰሜን ካሮላይናን በመሳሰሉት ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ዜጎች በፊርማ አሳብ የሚያቀርቡበት መንገድ ከነጭራሹ የለም።

ዜጎች ራሳቸውም ይሳሳታሉ። የሚሺጋን ኮሚሲዮን በ2021 ያወጣው ካርታ በፓርቲዎች መካከል ከቀድሞው የተሻለ ሚዛን ቢኖረውም፣ በ2023 መጨረሻ የፌዴራል ዳኞች በዲትሮይትና በአካባቢዋ 13 ክልሎች ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ከሁሉ አስቀድሞ በዘር ተመርኩዘው የተሰመሩ ናቸው ብለው ፈረዱ። ከሳሾቹም የዲትሮይት ጥቁር ነዋሪዎች ነበሩ። በፓርቲዎች መካከል ፍትሕን የፈለገ እጅ በሌላ በኩል ፍትሕን አጐደለ። ካርታውም እንደ ገና ተሰመረ። ስለዚህ የዚህ ሥርዓት በጎነት ተራው ዜጋ ከሹሙ ይልቅ ዐዋቂ ወይም ጻድቅ ነው በማለት ላይ ሊመሠረት አይችልም። በጎነቱ ሌላ ነው። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ እንዳይታረም የሚከላከልበት መንበር ለኮሚሲዮኑ አባል የለውም፤ ሹሙ ግን አለው። ከዚህም ይልቅ፣ መራጩ ለገለልተኛ ወሰን ድምፁን ሲሰጥ፣ በሚመጡት ዓመታት ማን እንደሚጠቀም ሳያውቅ የወገኑን የወደፊት ጥቅም አስቀድሞ ይተዋል። ይህ ስእለት ነው። ሰው በራሱ ላይ የሚያወጣው ሕግ ነው።

ስእለት ደግሞ የሚፈተነው በተሳለበት ቀን ሳይሆን ዋጋ በሚያስከፍልበት ቀን ነው። ያ ቀን በ2025 መጣ። የቴክሳስ ምክር ቤት የሚቀጥለውን ቆጠራ ሳይጠብቅ፣ በፕሬዚዳንቱ ገፋፊነት፣ ሪፐብሊካኖች እስከ አምስት መቀመጫ እንዲጨምሩ ታስቦ የተዘጋጀ አዲስ ካርታ በነሐሴ ወር አጸደቀ። የካሊፎርኒያ መሪዎችም ለዚህ አጸፋ እንዲሆን፣ የገለልተኛው ኮሚሲዮን የኮንግሬስ ካርታ ለጊዜው ተነሥቶ ለዴሞክራቶች አምስት መቀመጫ እንዲጨምር የታሰበ ሌላ ካርታ በ2026፣ በ2028ና በ2030 ምርጫዎች እንዲተካ ለሕዝብ አሳብ አቀረቡ። በኅዳር 2025 ከመቶ 64 የሚሆነው መራጭ ተቀበለው። በ2008ና በ2010 ለሕዝብ የተሰጠውን ቢላዋ ሕዝቡ ራሱ መልሶ ለሹሞቹ አበደረ።

እነሆ ሦስተኛው መከላከያ «እኛ ባናደርገው እነርሱ ያደርጉታል» ሲል የነበረው አሁን ጥርጥር የሌለበት ሆኖ ቀረበ። በቀላሉ ልንንቀው አይገባም። አንዱ ወገን ሕግ ሲያከብር ሌላው ሲያፈርስ፣ ሕግ አክባሪው ሁልጊዜ ተሸናፊ ከሆነ፣ በመጨረሻ የሚገዛው ሕግ አፍራሹ ይሆናል፤ ሕጉም አብሮ ይጠፋል። የካሊፎርኒያ ደጋፊዎችም ሥራቸውን በድብቅ አልሠሩም፤ ሕዝቡን ጠይቀዋል፤ የሚያበቃበትንም ዓመት ጽፈዋል። ይህ ከቴክሳሱ አሠራር ይልቅ የታረመ መሆኑን መካድ ፍርድ ማጓደል ነው።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይህን አጸፋ የሚከፍለው ማን ነው? የቴክሳስ ምክር ቤት አባል አይደለም። በካሊፎርኒያ ሰሜን ጫፍ በሞዶክ አውራጃ ከብቱን የሚያረባው ገበሬ ነው፤ አዲሱ ካርታ ይህን አውራጃ ከሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ በባሕር ዳር ካለችው ከማሪን ጋር በአንድ ክልል አስገብቶ ድምፁን እንዳይሰማ አድርጎታልና። ይህ ሰው በቴክሳስ መስመር አላሰመረም፤ ማንንም አልበደለም። በቴክሳስ የተበተነውም መራጭ ገበሬው ስለ ተበተነ አንዳች አልተመለሰለትም። ሁለት ተበዳዮች ተፈጠሩ እንጂ አንዱ አልተካሰም። ሰው ለደረሰበት በደል ከበዳዩ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከበዳዩ ጋር የአንድ ፓርቲ ሰው ነው በማለት ከጎረቤቱ ሊወስድ ግን አይችልም። ምክር ቤቶች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ እንደ ጦር ሜዳ የሚታያቸው ካርታ፣ ለመራጩ የራሱ ቤትና ቀዬ ነው።

የብዙኀን ድምፅስ ይህን አያነጻውምን? እኛ አያነጻውም እንላለን፤ ያቀለዋል እንጂ። ብዙኀኑ የራሱን ድርሻ ሊተው ሥልጣን አለው፤ የጥቂቱን ድርሻ ግን ለጥቅሙ ሲቆርስ ቈራሹ ብዙ ሰው መሆኑ ቍራሹን አያስተካክለውም። የጌሪ ፊርማ የአንድ ሰው ነበር፤ ይህኛው የሚሊዮኖች ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሻለው መድኀኒት ሕጉ በአንድ ክፍለ ግዛት ብቻ ሳይወሰን በኮንግሬስ ወጥቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲያስር ማድረግ እንደ ነበረ ማንም ይረዳል፤ ብቻውን ትጥቁን የፈታ ሰው እንዳይጠቃ ሁሉም በአንድነት መፍታት አለበትና። ይህ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ስእለቱን የጠበቀ ዜጋ የሚጐዳበት ቀን መኖሩ አይቀርም። እውነቱን መሸሸግ አንወድም፤ ቅንነት አንዳንድ ጊዜ ያሸንፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ያከስራል። የማያከስር ቢሆንማ ኖሮ ንግድ እንጂ ምግባር ባልተባለ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚሺጋን ብርድ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ፊርማ የለመኑት ሰዎች ለዓለም ያበረከቱት ትልቁ ነገር 13 ሰው ያለበት ኮሚሲዮን አይመስለንም። ኮሚሲዮን ሊሳሳት፣ ሊሻር፣ ለጊዜውም ሊታገድ እንደሚችል አይተናል። ያበረከቱት፣ ሰው ከሌላው ጋር የሚካፈለውን ነገር ሲቆርስ «ይህ ቍራሽ ለእኔ ባይደርሰኝ፣ ለወንድሜ የምሰጠውን ለራሴ እቀበለው ነበርን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማሳሰባቸው ነው። ለራስ ሲቆርሱ ማሳነስ ከባድ ነው፤ ምሳሌውም ይህን ስለሚያውቅ ሰውን አይዘልፍም፣ ባሕርዩን ይናገራል እንጂ። ከባሕርዩ በላይ ለመሆን የሚፈልግ ሕዝብ ግን ገና ሳይራብ፣ ዳቦውም ሳይቀርብ፣ ማን እንደሚቆርስ አስቀድሞ ይወስናል፤ በተራበም ቀን ቃሉን ይጠብቃል።